እንደ ክራር የተቃኘው ጊታር

የራሴን ጣቶች ከባጃጅ ውስጥ ሰማኋቸው።

ቅዳሜ ነበር። ከቢቸና ገበያ ጤፍ ሸምቼ ወደ ቤቴ እየሄድኩ ነው። ባለባጃጁ የሁለት ልጆች አባት የሆነ ጎልማሳ ነው፤ ስልኩን ከመሪው ጋር በላስቲክ አስሮ ሙዚቃ ከፍቷል። መጀመሪያ ልብ አላልኩም። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው የባጃጅ ሙዚቃን የሚሰማው እንደ ሞተሩ ድምፅ ነው። ከዚያ አንድ ወፍራም ክር አጉረመረመ። በላዩ ቀጫጭኖቹ ተንጫጩ። ከበሮው ሲገባ ትከሻዬ እኔን ሳያስፈቅድ ተነቃነቀ፤ ጉልበቴ ላይ የያዝኩት ጤፍ ሊደፋ ምንም አልቀረው።

"አቁም!" አልኩት።

"ምነው እማማ፣ ምን ወደቀ?"

"ምንም አልወደቀ። ዘፈኑን ከመጀመሪያው አድርገው።"

በመስታወቱ እያየኝ ሳቀ። "እማማም ወደዱት! ይሄኮ የኛው ነው። የድሮው የቢቸና ኪነት። አንዲት የአዲስ አበባ ልጅ በየአገሩ የተቀዳውን የጊታር ጭፈራ ሰብስባ አልበም ልታወጣ ነው። ይቺን ለቅምሻ ቴሌግራም ላይ ለቀቀቻት። ጊታሩን የመቱት ማን እንደሆኑ ያውቃሉ?"

"ማን ናቸው?"

"ጋሼ ናቸዋ፣ የድሮው ዳይሬክተራችን! እኔን በአርጩሜ ሲሞሸልቁኝ የኖሩት ሰውዬ እንዲህ ያለ እጅ አላቸው ብዬ በሕልሜም አላሰብኩ።"

እንዲያ ያለ እጅ የላቸውም። ይህን ግን ለባለባጃጅ አልነገርኩትም። ዝም ማለትን ከአባቴ ቤት ጀምሮ አውቅበታለሁ። ሌላውን ብቻ ጠየቅሁት፤ ልጅቷ የት ናት፣ አልበሙስ መቼ ነው የሚወጣው አልኩት። ማክሰኞ ሞጣ ላይ፣ ካሴቱ በተገኘበት ሱቅ፣ ከጋሼ ጋር ቀጠሮ እንዳላት፣ ታሪኩን ከአፋቸው ከቀዳች በኋላ ከአልበሙ ጋር የሚወጣው መጽሔት ወደ ማተሚያ ቤት እንደሚገባ ነገረኝ። ማክሰኞ ካለፈ ስሙ በቀለም ይታተማል፤ የታተመን ነገር ደግሞ ማን ይፍቀዋል? ቤቴ ስደርስ ጤፉን ባጃጁ ላይ ትቼው ወረድኩ። ሰውየው እየጮኸ ተከትሎ አመጣልኝ።

ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈውን ለልጆቼ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። አሁን የምጽፈው ልቤ ስለ ተደሰተ ነው እንጂ ማንንም ለማሳመን አይደለም።

በደርግ ጊዜ በየከተማው ኪነት ነበር። የከተማው ወጣቶች እየተሰበሰቡ ይዘፍናሉ፣ ይጨፍራሉ፣ በበዓል ቀን መድረክ ላይ ይወጣሉ። ለእኛም ከላይ አንድ ኤሌክትሪክ ጊታርና አንድ ማጉያ ተላከልን። ማጉያው ከጭነት መኪና ላይ ወድቆ ኖሮ የድምፅ ማውጫው ወረቀት ተቀዷል፤ የሚወጣው ድምፅ ሁሉ ይንኮሻኮሻል። ጊታሩም ሁለት ክር ጎድሎት ነው የመጣው። የኪነቱ ኃላፊ፣ የዛሬው ጋሼ፣ ያኔ ገና አዲስ መምህር ነበር፤ ማሠልጠኛ ሳለ ከጓደኛው ጊታር ላይ ሦስት ጣት ማስቀመጫ ተምሬያለሁ ይል ነበር። በአራት ክር ሞከረው፤ እንቢ አለው፤ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ሰው ሁሉ ዛሬ ድረስ አንቱ ይለዋል። እኔ ግን አንተ ብዬ የጀመርኩትን ሰው ስላረጀ ብቻ አንቱ አልለውም።

እኔ ወደ ኪነቱ የገባሁት ለጭብጨባ ነበር። ሴት ልጅ የምትፈለገው ለጭብጨባ፣ ለእልልታና ለእስክስታ ነው። አንድ ቀን ልምምድ ሳይጀመር ጊታሩን ከግድግዳው አወረድኩት። የእናቴ ወንድም ክራር ይጫወት ነበር፤ አባቴ ቤት በሌለ ቀን ለእኔም ያስጨብጠኛል። የክራሩን ክሮች ቆጥሬ አውቃለሁ፣ ስድስት ናቸው። ጊታሩም የስድስት ክር ቦታ አለው። እንግዲህ ይኸም ክራር ነው ማለት ነው አልኩ፤ ትልቅ ክራር። የጎደሉትን ሁለቱን ከብስክሌት ፍሬን ሽቦ ላይ አንዳንድ ዘለላ ፈትቼ ተካሁ። ከዚያ እንደ አጎቴ ክራር ቃኘሁት። ወፍራሞቹ ክሮች ለቅኝቱ ሲባል ስለላሉ ያጉረመርማሉ። ቀጫጭኖቹ ደግሞ በጣም ስለተወጠሩ ይጮኻሉ። ጊታሩን አቁሜ ጭኔ ላይ አስደገፍኩት፤ የግራ እጄን ጣቶች ክሮቹ ላይ አሳረፍኩ፤ በቀኝ እጄ በቆዳ ቁራጭ ስድስቱንም ባንድ ጊዜ መታሁ። መጮኽ ካለበት ክር ላይ ጣቴን አነሣለሁ፣ ዝም ማለት ያለበትን እነካለሁ። ክራር የሚመታው እንዲህ ነው። አንገቱ ላይ የተደረደሩት ብረቶች ለምን እንደሆኑ አላውቅም ነበር። ለጌጥ መስለውኝ ነበር።

ጄኔሬተሩ ሲነሣና ያ የተቀደደ ማጉያ ሲጮኽ ግቢው ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሥራውን ጥሎ መጣ። ከበሮ መቺው ዱላውን አንሥቶ ገባበት። ያን ዕለት የሆንኩትን ደስታ ከሰርጌ ቀን ጋር እንኳ አላወዳድረውም፤ ሰርጌም እንደሆነ የሚያስቀና አልነበረም።

ኃላፊው በር ላይ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና፣ "ሞጣ ውድድር ላይ ይህን ይዘን እንገባለን" አለ።

ገባን። እሱ ከፊት፣ እኔ ከመጋረጃ ኋላ። እሱ ሌላ ክር አልባ ጊታር መሳይ እንጨት አንጠልጥሎ ሕዝቡ ፊት ቆመ፤ እኔ ደግሞ ከጨርቅ በስተኋላ አንድ ሣጥን ላይ ተቀምጬ መታሁ። አስተዋዋቂው የእሱን ስም ጠራ። ሞጣ ላይ አንድ እስላም ነጋዴ ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጨዋታ የሚወዱ ሰው፤ ከፊት ተቀምጠው በትልቅ ቴፓቸው ሁሉንም ቀዱት። የአስተዋዋቂው ድምፅም አብሮ ተቀዳ። እንግዲህ የአዲስ አበባዋ ልጅ ያገኘችው ያንን ካሴት ነው። ማስረጃው ራሱ የሚመሰክረው በእኔ ላይ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ሚኒባስ ስገባ ያንኑ ኃላፊ ከሾፌሩ ኋላ ተቀምጦ አገኘሁት። ነጭ ጋቢ፣ የተወለወለ ከዘራ፣ አዲስ ባርኔጣ።

"ውይ፣ አንቺ ነሽ?" አለኝ። "በጠዋት ወዴት ነው?"

"ሞጣ።"

"ለቅሶ ነው?"

"ሰርግ ነው።"

"በማክሰኞ ምድር?"

"የዘገየ ሰርግ ቀን አይመርጥም።"

አጠገቡ የተቀመጠች ሴት በነጠላዋ አፏን ይዛ ሳቀች። ደብረ ወርቅን እስክናልፍ ድረስ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን አየ። ከዚያ ዘወር ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ነገሩን ሰምተሻል መሰለኝ።"

"ያልሰማ የለም። ባጃጅ ሁሉ የሚዘፍነው እሱን ነው።"

"ታዲያ የከተማችን ስም መነሣቱ ለሁላችን ክብር አይደለም? የማን እጅ ነው ብሎ መከራከር በዚህ ዕድሜያችን ምን ይሠራል?"

"አንተ ካልተከራከርክ እኔም አልከራከርህም።"

"አንተ ትላቸዋለች እንዴ!" አለ አንድ ተሳፋሪ ከኋላ።

"ገና እጀምራለሁ" አልኩት። ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ከቀራንዮ እስከ ሞጣ ያለው መንገድ እንደዚያ ቀን አጥሮ አያውቅም።

የአዲስ አበባዋ ልጅ፣ ካሴቱን በቀዱት ነጋዴ ልጅ ሱቅ ጓዳ ውስጥ ትጠብቅ ነበር። የነጋዴው ልጅ አሁን የአባቷን ሱቅ የምታስተዳድር፣ ሰውነቷ የደላ፣ ጨዋታ የምታውቅ ሴት ናት። ካሴቶቹን በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ፣ በነጠላ ጠቅልላ ይህን ሁሉ ዘመን ያስቀመጠቻቸው እሷ ናት። እኔን ስታይ "እትዬ፣ ደግሞ እርስዎን ማን ጠራዎት?" አለችኝ።

"ዘፈኑ" አልኳት። ለእኔም ወንበር አመጣች።

የአዲስ አበባዋ ልጅ ጂንስ የለበሰች፣ ማዳመጫ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ፈጣን ልጅ ናት። እሷም ጊታር ትመታለች፤ ጊታሯ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ኮምፒዩተሯን ከድምፅ ማጉያ ጋር አገናኝታ ዘፈኑን ከፈተችው። ጓዳው በሙሉ ተንቀጠቀጠ። መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ተንጫረሩ። ከባጃጁ የሰማሁት ግማሹ እንኳ አልነበረም። ያ የፍሬን ሽቦ እንዴት እንደሚጮኽ! ያ የተቀደደ ወረቀት እንዴት እንደሚንኮሻኮሽ!

"ጋሼ" አለች ልጅቷ መቅጃዋን ወደ እሱ አስጠግታ፣ "በአልበሙ ውስጥ ካሉት ሁሉ እንደዚህ የደነቀኝ የለም። ጭፈራ ነው፣ ግን ማንም በዚያ ዘመን ያልደፈረው ሙከራ አለበት። ምን ልትሞክሩ ፈልጋችሁ ነው?"

እሱ ጉሮሮውን ጠረገ። "ዓላማዬ ባህላዊውን ከዘመናዊው ጋር ማዋሃድ ነበር። ሰፊ ጥናት አድርጌበታለሁ።"

"ሁለት ክር ጎድሎት ነበር" አልኩ።

ልጅቷ ዞረች። "ምን አሉኝ እማማ?"

"ጊታሩ ሁለት ክር ጎድሎት ነው የመጣው። የጮኹት ሁለቱ የብስክሌት ሽቦ ናቸው። ጥናቱ እሱ ነው።"

"እሷ አጨብጫቢ ነበረች" አለ እሱ ፈጠን ብሎ። "የጭብጨባው ኃላፊ።"

"ነበርኩ" አልኩ። "እስቲ ልጄ፣ ጊታርሽን ለጋሼ ስጪያቸውና መግቢያዋን ብቻ ያሰሙን።"

ለመጀመሪያ ጊዜ እሳቸው አልኩት፤ የነጋዴው ልጅ ገብቷት ከንፈሯን ነከሰች። ልጅቷ ጊታሩን አቀበለችው። ሰው ሁሉ ጊታር እንደሚይዘው አንገቱን ያዘ፣ ጣቶቹን ብረቶቹ መሐል አኖረ፣ አንዴ መታ፣ ሁለቴ መታ። ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የሚሰማ የልመና ድምፅ ይመስላል። "ሪህ አለብኝ፣ ጣቶቼ አይታዘዙም" ብሎ ጊታሩን መለሰላት።

"ሪህ እኔም አለብኝ" አልኩ። "ስጪኝ።"

ክሮቹን ሳላላና ሳከር ልጅቷ አይኗን ጨፈነች። "እማማ፣ ይበጠሳል! ሌላ አልያዝኩም!"

"ከተበጠሰ ሞጣ ውስጥ ብስክሌት አይጠፋም።"

እጆቼ ዕድሜያቸውን በሙሉ የጽሕፈት መኪና ላይ ነው የጨረሱት፤ የሌላ ሰው ደብዳቤ ሲመቱ። ያስታውሱ እንደሆነ እኔም አላወቅሁም ነበር፤ ቤቴም አልሞከርኩትም፣ ምክንያቱም ቤቴ ጊታር የለም። አቃናሁት፣ ጭኔ ላይ አቆምኩት፣ የግራ ጣቶቼን ክሮቹ ላይ አሳረፍኩ። ቆዳ ስላልነበረ የነጋዴው ልጅ ከአሮጌ ቀበቶ ቆርጣ ሰጠችኝ። መታሁት።

መጀመሪያ አመለጠኝ። ሁለተኛውም አመለጠኝ። እሱ ከዘራውን አስተካክሎ ፈገግ ሲል አየሁት፤ ያ ፈገግታ ነው ያዳነኝ። በሦስተኛው ወፍራሙ ክር አጉረመረመ፣ ቀጫጭኖቹ በላዩ ተንጫጩ፤ ያው ራሱ ሆነ።

ልጅቷ ከወንበሯ ተስፈንጥራ ተነሣች። "አይ! አይ! አይ!" እያለች ጭንቅላቷን ያዘች። "እኔኮ ይህን ፍሬቶቹን፣ ብረቶቹን እየተጫንኩ ልጫወተው ስታገል ከረምኩ! ጓደኞቼን ሁሉ ሰብስቤ ስንት እጅ ነው ስንል ነበር! በባዶ ክር ነው! በባዶ ክር!"

"እልልልል!" አለች የነጋዴው ልጅ። ከሱቁ በኩል ስኳር ሊገዙ የመጡ ሰዎች አንገታቸውን ወደ ጓዳው አስገቡ። እኔም አላቆምኩም። እንዴት ብዬ ላቁም?

እስካቆም ድረስ እሱ ጠበቀኝ። ጮክ ብሎ አልተናገረም።

"መጋረጃውን የጠየቀ ማን ነበር?" አለኝ። "እስቲ እሱንም ንገሪያቸው። እኔ ነኝ?"

ይህን ጥያቄ ከቢቸና ጀምሮ ስፈራው ነው የመጣሁት።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

እውነት ነው። አባቴ የቅኔ መምህር ነበሩ። ደቀ መዛሙርታቸው ከቢቸና እስከ መርጡለ ማርያም የሌሉበት ቦታ አልነበረም፤ በሞጣ ገበያ ቀን ቢያንስ አንዱ ሊያየኝ ይችላል። የመምህሩ ልጅ መድረክ ላይ ዘፈን መታች ከሚባል ብሞት እመርጥ ነበር። በኃላፊው እግር ሥር ወድቄ ሸሽገኝ ያልኩት እኔ ነኝ። እሱም ሸሸገኝ። ይህን ከካድሁ እኔም እንደ እሱ ነኝ።

"በሚቀጥለው ዓመት አባቴ ሞቱ" አልኩ ለልጅቷ፣ እሱን ሳላይ። "ጥቁር እንደለበስኩ ወደ እሱ ሄድኩ። ከእንግዲህ የምሸሸግለት ሰው የለኝም፣ መጋረጃው ይነሣልኝ አልኩት። ምን እንዳለኝ እሱ ይንገርሽ።"

እሱ ከዘራውን ወለሉ ላይ አሽከረከረ።

"ሕዝቡ እኔን ለምዷል አለኝ። አሁን ብትወጪ ሁለታችንም ሌባ እንባላለን አለኝ። እኔ ምን እንደሰረቅሁ ግን አልነገረኝም። በዚያው ከኪነቱ ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ ጊታር ስነካ ይኸ የመጀመሪያዬ ነው።"

"ልጅ ነበርኩ" አለ።

"እኔም ልጅ ነበርኩ። ዳይሬክተር ስትሆንስ? ጡረታ ስትወጣስ? ባለፈው ቅዳሜስ ልጅ ነበርክ?"

ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረው። መላጣው ወዝቷል። ይህን ጊዜ ለብዙ ዓመት በልቤ ሳዘጋጀው የኖርኩት ስድብ ሁሉ ምላሴ ላይ ነበር፤ ከደስታዬ ብዛት የትኛውን ላስቀድም እንደሆነ ጠፋኝ።

ልጅቷ አስጣለችኝ። ኮምፒዩተሯ ላይ ዘፈኑን ወደ መጨረሻው ወስዳ አንድ ቦታ አቆመችው። "ይቅርታ እማማ፣ አንድ ነገር ብቻ። እዚህ ጋ በድንገት ይፈጥናል። ከበሮው እንኳ አልደረሰበትም። ሳዳምጠው ሁልጊዜ ፀጉሬ ይቆማል። ምን ሆነው ነው?"

እኔ ነኝ፣ ደስ ብሎኝ ነው ብላት ነገሩ ያበቃ ነበር። ማንም አያውቅም፤ እሱም አያውቅም። ግን የማን እጅ እንደሆነ ልናገር ተነሥቼ ግማሹን ውጬ እንዴት እመለሳለሁ?

"መጋረጃው ትንሽ ቀዳዳ ነበረው" አልኩ እየከበደኝ። "በእሷ አየው ነበር። ጊታር አይችልም እንጂ ትከሻ ነበረው። ያንን እንጨት አንጠልጥሎ ይመታው ነበር፣ እስክስታውን። የፈጠነው ትከሻው ነው። እጄ እሱን ሲከተል ነው ከበሮው የቀረው።"

እሱ ቀና አለ። "ታዪኝ ነበር?"

"ጀርባህን ብቻ።"

ከዚህ በላይ አላልኩትም፤ አልልምም። ልጅቷ የአልበሙን ጽሑፍ ከፍታ የእሱን ስም ጊታር ከሚለው ቃል ፊት ደመሰሰችው። ሲጠፋ በዓይኔ አየሁ። የእኔን ስም እስከ አባቴና እስከ አያቴ ነገርኳት፤ አባቴ ከመቃብር ቢቆጡም ከነቁጣቸው ይታተሙ።

"ጋሼን ታዲያ ምን እንበላቸው?" አለች።

"እስክስታ ብለሽ ጻፊለት።"

"እማማ፣ የድምፅ አልበምኮ ነው። እስክስታ አይሰማም።"

"ይሰማል። ፀጉርሽ የሚቆመው በምን ሆነና?"

ልጅቷ ጻፈች። ከዚያ ዓይኗ እያበራ ሌላ ነገር ጠየቀችኝ፤ አልበሙ መጨረሻ ላይ ቦታ አለኝ፣ ዛሬ የመቱትን እዚሁ ልቅዳዎት አለችኝ። የነጋዴው ልጅ ሮጣ የሱቁን በር ዘጋች፤ ስኳር ሊገዙ የመጡት ግን ከውስጥ ቀሩ። አንዱ ባዶ ጀሪካን ለከበሮ ገልብጦ ጉልበቱ መሐል አስገባ። እኔ ክሮቹን እንደገና አየኋቸው።

እሱ በከዘራው ተደግፎ ከወንበሩ ብድግ ለማለት ሲሞክር አየሁት። አጋማሽ ላይ ቆሞ ትከሻውን ነቅነቅ አደረገና ተመለከተኝ።

"ልነሣ ወይ?" አለኝ።

"ተነሣ" አልኩት። "ግን ወደ ጎን ቁም፤ እንዳትጋርደኝ።"